የፕላስቲክ ቅይጣችሁ አዲስ መሆኑን ፓተንት ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት ታጣራላችሁ?

ሀዋሳ ውስጥ ፕላስቲክ ነክ ሥራ ላይ መሆኔን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ጋሼ፣ ይህን ቅይጥ ሰው ፓተንት አውጥቶበት ይሆን?» አንዱ በቡላ ስታርች ፌስታል ሊሠራ አስቧል። ሌላዋ የጀሪካን ፍርፋሪ ከናይለን ጋር አቅልጣ ጠንካራ ዕቃ አውጥታለች። በየማኪያቶው ከምደግመው ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ጥያቄውን እናርመው። መጠየቅ ያለበት «ፓተንት ወጥቶበታል ወይ?» ሳይሆን «ከእኔ በፊት የትም ቦታ፣ በማንም፣ ለሕዝብ ተገልጦ ያውቃል ወይ?» ነው። ፓተንት ሆኖ የማያውቅ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ የመመረቂያ ጽሑፍም ሊጥላችሁ ይችላል። በፓተንት አዋጃችን (ቁጥር 123/1987) አንቀጽ 3 መሠረት ቀዳሚ የሚባለው በጽሑፍ፣ በቃል፣ በመጠቀም ወይም በሌላ መንገድ በዓለም ላይ የትም ለሕዝብ የተገለጠ ሁሉ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የይገባኛል ጥያቄያችሁ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ክሌም የሚሉት፣ በአንድ አንቀጽ የተጻፈ
- ኤክሴል ወይም ካሬ ወረቀት፣ ካልኩሌተርም
- የምትጠቀሙበት የእያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ ዳታ ሺት፣ ማለትም አምራቹ ስለ ዕቃው የሚሰጠው መረጃ
- ኢንተርኔት። ሦስቱ ዋና የፓተንት ሰነድ መፈለጊያዎች ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕ እና ጉግል ፓተንትስ ናቸው፤ ሦስቱም በነፃ ናቸው
- ሁለት ሦስት ቀን። ያገኛችሁትን ሰነድ ወዲያው ዳውንሎድ አድርጉት፤ መብራትና ኔትወርክ ቀጠሮ አያከብሩም

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሥራ የሚነግራችሁ ቅይጡ አዲስ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። «አዲስ ነው» ማለት «መሸጥ እችላለሁ» ማለት አይደለም። የእናንተ ቅይጥ አዲስ ሆኖም በሌላ ሰው ሰፊ ፓተንት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ያ ለብቻው የሚጣራ ነው።

1. የይገባኛል ጥያቄውን በትኑት

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

«ለፊልም መሥሪያ የሚሆን የፖሊመር ቅይጥ፤ በክብደት (ሀ) ከ65 እስከ 75 በመቶ ዝቅተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢትሊን፣ (ለ) ከ20 እስከ 25 በመቶ ስታርች፣ (ሐ) ከ3 እስከ 5 በመቶ ግሊሰሪን፣ (መ) ከ1 እስከ 4 በመቶ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊኢትሊን ያካተተ።»

ፊልም ስንል እንደ ፌስታል ያለ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ (መ) ደግሞ ስታርቹንና ፖሊኢትሊኑን የሚያያይዝ ነው። ኤክሴሉ ወይም ወረቀቱ ላይ ሠንጠረዥ ሥሩና እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ አናቱ ላይ አድርጉት። ፖሊኢትሊኑ አንድ ሳጥን፣ መጠኑ ሌላ ሳጥን። ስታርቹ አንድ፣ መጠኑ ሌላ። «ለፊልም መሥሪያ የሚሆን» የሚለውም የራሱ ሳጥን ይኑረው።

ለምን? ምክንያቱም የአዲስነት ፈተና ሕጉ ቀላል ነው፤ አንድ ሰነድ፣ ሁሉም ሳጥን። አንድ የቀድሞ ሰነድ ብቻውን ሁሉንም ሳጥን ከሞላ፣ አዲስነታችሁ የለም። አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ፣ ያ ሰነድ በአዲስነት በኩል አይጥላችሁም። ጥያቄውን ካልበተናችሁት «ይመሳሰላል»፣ «አይመሳሰልም» እያላችሁ ስትከራከሩ ይመሻል።

አንዲት ቃል ላይ ደግሞ ቆም በሉ። «ያካተተ» እና «ብቻ የያዘ» አንድ አይደሉም። «ያካተተ» ካላችሁ፣ የድሮው ሰነድ አራቱ ላይ ታልክ የሚባለውን የማዕድን ዱቄት ቢጨምርም ሳጥኖቻችሁን ሞልቷል። «ብቻ የያዘ» ካላችሁ ያ ታልክ ያድናችኋል፤ ግን ነገ ተፎካካሪያችሁ ትንሽ ታልክ ጨምሮ ያመልጣችኋል።

2. ቀኑን ቁረጡ

ማመልከቻ የምታስገቡበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ በፊት ለሕዝብ የወጣ ሁሉ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «ሰኔ 2012» ካለ በፈረንጅ ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2020 ነው። ሁሉንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር ሳትቀይሩ አታወዳድሩ።

የራሳችሁ ጽሑፍም በእናንተው ላይ ይቆጠራል። አዋጃችን ራሱ አመልካቹ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የገለጠውን ይቅር ይላል። አውሮፓ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ምሕረት የለም። ቴሲሳችሁን ተከላክላችሁ ላይብረሪ ካስገባችሁ፣ እዚህ በሩ ገርበብ ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ እዚያ ግን ተዘግቷል።

3. ፈልጉ፤ ግን በቃል ብቻ አይደለም

በቃል ብቻ ፈልገው «ምንም የለም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንሰትን አንዱ «ኢንሴት»፣ ሌላው «ኢንሴቴ ቬንትሪኮሰም»፣ ሦስተኛው «ፎልስ ባናና» ብሎ ይጽፈዋል። ግሊሰሪንም «ግሊሴሮል» ሊባል ወይም በጥቅሉ «ፕላስቲሳይዘር»፣ ማለትም ማለስለሻ፣ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

መድኃኒቱ የምደባ ኮድ ነው። የፓተንት መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዱን ሰነድ በይዘቱ ይመድቡታል። የፖሊመር ቅይጥ ቤቱ ሲ08ኤል ነው፤ ፊደሎቹን መፈለጊያው ላይ በላቲን ጻፏቸው። ከዚህ ቤት ለእኛ ምሳሌ የሚሆኑት፦

- ሲ08ኤል 3/02፦ ስታርች
- ሲ08ኤል 23/06፦ ፖሊኢትሊን
- ሲ08ጄ 5/18፦ ፊልም፤ ይህኛው የጎረቤት ቤት ነው

የናይለን ሰዎች ሲ08ኤል 77ን፣ የፖሊካርቦኔት ሰዎች ሲ08ኤል 69ን፣ የፖሊስታይሪን ሰዎች ሲ08ኤል 25ን ይያዙ። ሁለት ኮድ አንድ ላይ ስታስገቡ ሁለቱም ያለባቸው ሰነዶች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ቃል ጨምሩ።

ሌላው መንገድ በአንድ የታወቀ ሰነድ መነሳት ነው። ለስታርችና ፕላስቲክ ቅይጥ ሁለት ጥሩ መነሻ አለ፤ የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 4,016,117 (1977) እና ቁጥር 4,133,784 (1979)። ሁለተኛው ስታርችን ከኢትሊንና አክሪሊክ አሲድ ኮፖሊመር (ከሁለቱ አንድ ላይ ከተሠራ ፕላስቲክ) ጋር ቀላቅሎ ፊልም ይሠራል። ጉግል ፓተንትስ ላይ ክፈቷቸውና እነሱን የጠቀሱትን የኋላ ሰነዶች ተከተሉ። አንዱ ክር ሌላውን ይስባል።

የፓተንት መሥሪያ ቤት መርማሪ የጻፈው የፍለጋ ሪፖርት ካገኛችሁ ደግሞ ወርቅ ነው። እዚያ ላይ «ኤክስ» የተባለ ሰነድ ብቻውን አዲስነትን ወይም የፈጠራ ደረጃን (ለሙያው ሰው ግልጽ አለመሆኑን) የሚጎዳ ነው። «ዋይ» ከሌላ ጋር ተጣምሮ የሚጎዳ ነው። «ኤ» ለዳራ ያህል ነው። ከኤክሶቹ ጀምሩ።

የፓተንት ማመልከቻ በአብዛኛው የሚታተመው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን 18 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ተኩል ለእናንተ ጨለማ ነው። ከማመልከቻችሁ ቀን በፊት ፍለጋውን አንዴ ድገሙት።

4. ሰነዱን ከመካከሉ ጀምራችሁ አንብቡ

አጭር መግለጫው ላይ አትቁሙ። አጭር መግለጫ የሱቅ መስኮት ነው፤ ዕቃው ጓዳ ነው ያለው። በፖሊመር ፓተንት ጓዳው «ምሳሌዎች» የሚለው ክፍልና ሠንጠረዦቹ ናቸው።

በተለይ «የማነጻጸሪያ ምሳሌ» የሚባለውን አትዝለሉ። ባለፓተንቱ «ይህኛው ጥሩ አልሆነም» ብሎ የሚያስቀምጠው ቅይጥ ነው። ጥሩ አለመሆኑ አይጠቅማችሁም። ተገልጧል፤ በቃ። የእናንተ ቅይጥ እዚያ ካለ፣ መጥፎ ተብሎም ቢሆን ሳጥኑን ሞልቶታል።

የቻይናና የጃፓን ሰነድ ብዙ ታገኛላችሁ። የማሽን ትርጉሙ ጽሑፉን ያደርስላችኋል፤ ሠንጠረዡን ግን አንዳንዴ ያበላሸዋል ወይም ይጥለዋል። ዋናውን ፒዲኤፍ ክፈቱ። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ቁጥር ነው።

5. ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ቀይሩ

እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ ሳጣራ «ስታርች 32» የሚል ሠንጠረዥ አየሁ። የእሱ ጥያቄ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነበር። 32 ከ25 በላይ ነው ብዬ «አይነካህም፣ ግባበት» አልኩት። ገንዘብ ከፈለ፣ ወራት ጠበቀ፤ መርማሪው ያንኑ ሰነድ ይዞ መጣ። ያ 32 በመቶ አልነበረም። ለእያንዳንዱ 100 ክፍል ፖሊኢትሊን 32 ክፍል ነበር። ወዳጄ አሁንም ቡና ይጋብዘኛል፤ ግን በተገናኘን ቁጥር 32ን ያነሳታል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የድሮው ሰነድ የፊልም ምሳሌ ይህን ይላል እንበል፦

- ዝቅተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢትሊን 100 ክፍል
- የበቆሎ ስታርች 32 ክፍል
- ግሊሰሪን 6 ክፍል
- ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊኢትሊን 4 ክፍል

ድምሩ 142 ነው። እያንዳንዱን ለ142 አካፍላችሁ በ100 አባዙ። ፖሊኢትሊን 70.4፣ ስታርች 22.5፣ ግሊሰሪን 4.2፣ የመጨረሻው 2.8 በመቶ ይሆናል። አሁን ከላይ ያለውን ጥያቄ ተመልከቱ። አራቱም ውስጥ ገብተዋል።

ስታርች ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ እርጥበት። ክፍት ቦታ የተቀመጠ ስታርች ከክብደቱ አሥር ምናምን በመቶ ውኃ ይይዛል። ከላይ ያለው 32 ክፍል ደረቅ ስታርች ከሆነና የእናንተ ስታርች 12 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ያው ስታርች በእናንተ ሚዛን 36.4 ክፍል ይመዝናል። ድርሻውም ከ22.5 ወደ 24.8 በመቶ ይወጣል። ሰነዱ «ደረቅ ክብደት» ማለቱን ፈልጉ፤ የእናንተም ጥያቄ ላይ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

በይዘት መጠን፣ ማለትም በቮልዩም፣ የተጻፈም ያጋጥማል። ያኔ እፍጋት ያስፈልጋችኋል፤ ዳታ ሺቱ የተዘረዘረው ለዚህ ነው።

6. ሠንጠረዡን ሙሉ፤ ለአንድ ሰነድ አንድ ረድፍ

በየሳጥኑ «አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ ገጹንና መስመሩን ጻፉ። «ያለ ይመስለኛል» የሚባል ሳጥን የለም።

ሁለት ሰነድ አትስፉ። ስታርቹን ከአንዱ፣ ግሊሰሪኑን ከሌላው አምጥታችሁ «ተሠርቷል» አትበሉ። ያ ሌላ ፈተና ነው፤ ለሙያው ሰው ግልጽ ነበር ወይ የሚለው። እሱም ሊጥላችሁ ይችላል፤ ግን በሌላ ወረቀት ነው የሚሠራው። አንዱ ሰነድ ራሱ «ዝርዝሩን እዚያኛው ሰነድ ላይ እዩ» ብሎ በግልጽ ከጠቀሰው ግን እንደ አንድ ሊነበቡ ይችላሉ።

7. ጠቅላላና ዝርዝሩን ለዩ

ገበታው ላይ ቆጮ ካለ ምግብ አለ። ምግብ አለ ሲባል ግን የግድ ቆጮ አለ ማለት አይደለም። ፓተንትም እንዲሁ ነው፤ የድሮው ዝርዝር የእናንተን ጠቅላላ ይጥላል፣ የድሮው ጠቅላላ ግን ብዙውን ጊዜ የእናንተን ዝርዝር አይጥልም።

ከላይ ያለው ጥያቄ «ስታርች» ብቻ ይላል። የበቆሎ ስታርች ስታርች ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ሞልቷል፤ ጥያቄው ወድቋል።

«ከእንሰት የተገኘ ስታርች» ብላችሁ ብታጠቡትስ? የድሮው ሰነድ ስለ በቆሎ ብቻ ካወራ ልዩነት ያለ ይመስላል። ግን መርማሪው ይጠይቃችኋል፤ ስታርቹ ቅይጡ ውስጥ ከገባ በኋላ ከበቆሎው በምን ይለያል? የመጣበት ተክል ስም ብቻውን ልዩነት ላይሆን ይችላል። የሚለካ ነገር፣ ለምሳሌ የቅንጣቱን መጠን ወይም አሚሎዝ የሚባለውን የስታርች ክፍል ድርሻ፣ ለኩና ጥያቄው ውስጥ ክተቱት። የሀዋሳ ልጆች እንሰት ስላለን ብቻ አዲስ ነን ብለው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከሁለት ረጅም ዝርዝር መርጣችሁ ከሆነስ? የድሮው ሰነድ አሥር ፖሊመርና አሥር ማለስለሻ ዘርዝሮ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ካልተናገረ፣ በአውሮፓ አሠራር የእናንተ ጥንድ አዲስ ሊባል ይችላል። ከአንድ ዝርዝር አንዱን መምረጥ ግን አያድንም።

8. የቁጥር ክልሉን ፈትኑ

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል። የእናንተ ክልል ከ20 እስከ 25 በመቶ ስታርች ነው።

*አንድ ነጥብ ውስጥ ገባ።* የድሮው ምሳሌ 22.5 ነው፤ የሌሎቹም ሳጥኖች ሞልተዋል። መላው ክልላችሁ ወደቀ። «22.5ን ለእሱ ትቼ ቀሪውን ልውሰድ» በዚያው አጻጻፍ አይሠራም።

በአሜሪካ በ1985 የተወሰነ የታወቀ ክርክር አለ፤ ቲታኒየም ሜታልስ የተባለው ኩባንያ በፓተንት ኮሚሽነሩ በባነር ላይ። ነገሩ ብረት ነው፣ ፕላስቲክ አይደለም፤ መርሁ ግን ያው ነው። የተጠየቀው ቅይጥ ኒኬል ከ0.6 እስከ 0.9፣ ሞሊብዲነም ከ0.2 እስከ 0.4 በመቶ ያለበት ቲታኒየም ነበር። አንድ የ1970 የሩሲያ ጽሑፍ ግራፍ ላይ 0.75 ኒኬልና 0.25 ሞሊብዲነም ያለበት ነጥብ ተገኘ። ጽሑፉ ቅይጡ ዝገትን እንደሚቋቋም አንድም ቃል አይልም። ይሁንና ጥያቄው ወደቀ። ግራፍ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ! ስለዚህ ግራፍም በማስመሪያ ይነበባል።

*ጫፍ ገባ።* የድሮው ሰነድ «ከ10 እስከ 22» ይላል። 22 በግልጽ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የእናንተ ክልል ውስጥም አለ። ወድቋል። «ከ10 እስከ 20» ቢልም 20 ላይ ትገናኛላችሁ። «ከ20 በታች» ቢል ግን አልነካችሁም።

*ሰፊ ክልል፣ ጠባብ ክልል።* የድሮው «ከ5 እስከ 60» ብሏል፤ ምሳሌዎቹ 10 እና 50 ናቸው። እዚህ ተስፋ አለ። በአውሮፓ አሠራር ሁለት ነገር ይታያል፤ ክልላችሁ ከድሮው አንጻር ጠባብ ነው ወይ? ከድሮው ምሳሌዎችና ጫፎችስ በቂ ርቀት አለው ወይ? የድሮው ምሳሌ 19 ቢሆን ግን «ራቅ ብያለሁ» ማለት ይከብዳል።

*ማጠጋጋት።* 19.6 እና 20ን «አልተገናኙም» ብላችሁ አትተኙ። 19.6 ሲጠጋጋ 20 ነው የሚል መርማሪ አለ።

9. ያልተጻፈውን ጸባይ አስቡበት

ብዙዎች ሳጥኑ ሁሉ ሲሞላ አንድ ጸባይ ይለጥፋሉ፤ «የመሳብ ጥንካሬው ከዚህ በላይ የሆነ»። የድሮው ሰነድ ያን ጸባይ ስላልለካው ባዶ ሳጥን ያገኙ ይመስላቸዋል።

ተመሳሳይ ጥሬ ዕቃ፣ በተመሳሳይ መጠን፣ በተመሳሳይ አሠራር ከተቀላቀለ ጸባዩም አብሮት አለ ይባላል፤ ማንም ባይለካውም። ይህን ለማፍረስ ዋናው መንገድ አንድ ነው። የድሮውን ምሳሌ ራሳችሁ ሠርታችሁ ለኩት። ስትለኩም በአንድ ደንብ ይሁን። ለምሳሌ የቅላጭ ፍሰት (የቀለጠው ፕላስቲክ ምን ያህል እንደሚፈስ) መለኪያ ለፖሊኢትሊን በተለምዶ በ190 ዲግሪና በ2.16 ኪሎ፣ ለፖሊፕሮፒሊን በ230 ዲግሪና በ2.16 ኪሎ ነው። በተለያየ ሙቀት የተለካን ቁጥር ማወዳደር ከንቱ ነው።

የአሠራር ልዩነት ካለ ደግሞ ፈልጋችሁ ጻፉት። ስታርቹ ከግሊሰሪን ጋር ቀድሞ ተቀላቅሎ ነው የገባው ወይስ ሁሉም በአንዴ ኤክስትሩደር (አቅልጦ የሚገፋ ማሽን) ውስጥ? የሚወጣው ፊልም ፈጽሞ ሊለይ ይችላል።

10. በውጤቱ ወስኑ

አንድ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ከሞላ ጥያቄውን አጥብቡ። በቤተ ሙከራ የሠራችሁትና ከየትኛውም ረድፍ ውጭ የሆነ ነገር ካለ እሱን ወደ ጥያቄው አስገቡ። ያልሠራችሁትን ቁጥር ለማምለጫ ብቻ አትጻፉ።

በየረድፉ ቢያንስ አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ አዲስነቱን አልፋችኋል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ያ ልዩነት ለሙያው ሰው ግልጽ ነበር ወይ ነው። ልዩነቱ ምን እንደጠቀመ የሚያሳይ ሙከራ ያስፈልጋችኋል። ሠንጠረዡን፣ ሰነዶቹንና የፈለጋችሁበትን ቀን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ለፓተንት ወኪላችሁ ስጡ። ብዙ ሰዓት ታተርፉለታላችሁ፤ ክፍያውም እንደዚያው።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

- አማርኛ ላይ ብቻ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት። ሕጉ ዓለምን ነው የሚለው።
- የሞተ ፓተንት አይቆጠርም ማለት። ጊዜው ያለፈበት ፓተንት ማገድ ያቆማል እንጂ መገለጡ አይጠፋም።
- የንግድ ስም ብቻ የተጻፈበትን ሰነድ መዝለል። የዚያን ዘመን ዳታ ሺት ፈልጉና ውስጡ ምን እንደሆነ እዩ።
- ፍለጋው ሳያልቅ ፎርሙላውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ምን ትላላችሁ?» ብሎ መለጠፍ። ሦስት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ሕዝብ ነው። ለኔም ስትልኩልኝ መጠኖቹን አጥፍታችሁ ላኩ።